ቻይና ሄደን አንድ አስተማሪያችንን አስታወስን



ባለፈው ክረምት ከዚህ ተቋም የተመረጥን አራት ሰልጣኞች ከአንድ አስተማሪያችን ጋር ቻይናን ለ16 ቀን ጎብኝተን መመለሳችን የሚታወስ ነው። ከተመለስን ወዲህ በምግብ ቤት ሰልፍም፣ በመኝታ ክፍልም፣ ልብስ በምናጥብበት ቧንቧ ዳርም የሚቀርብልን ጥያቄ ሁለት ብቻ ሆኗል። «በእንጨት እንዴት በላችሁ?» እና «ያንን ትልቁን ግንብ አያችሁት ወይ?» የሚሉ ናቸው። ስለ እንጨቱ፣ የመጀመሪያውን ቀን ተርበን አደርን፤ በሦስተኛው ቀን ለመድነው። ስለ ግንቡ፣ አይተነዋል፤ ወጥተነዋል፤ ጉልበታችን ለሁለት ቀን አልታዘዝ ብሎናል፤ ፎቶግራፉም አለ። ከዚህ በላይ ስለ ሁለቱ የምንለው የለንም። የምንጽፈው ስለ ሌላ ነገር ነው።

እውነቱን ለመናገር ከመሄዳችን በፊት ቻይናን የምናውቃት በፔርሙዝ፣ በካራቴ ፊልምና በመንገድ ሥራ ነበር። ከታሪክ መጽሐፋችንም ለፈተና ያህል ሸምድደን፣ ፈተናው ባለቀ ማግስት የረሳነው ጥቂት ገጽ ነበረን። አብረውን የሄዱት አስተማሪያችን ይህን ስለሚያውቁ ገና አውሮፕላን ውስጥ «ሁሉን ለማየት አትሩጡ፤ አስተማሪ ልትሆኑ አይደለም እንዴ? አስተማሪዎችን ፈልጉ» አሉን። ምክራቸውን እንደ ማንኛውም ምክር ሰማነው፤ አልሰማነውም ማለት ነው።

አንድ ነገር እዚህ ላይ ያዙልን። ከአራታችን ሦስታችን ከአንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የመጣን ነን። ኋላ እንመለስበታለን። በጽሑፉ የሚጠቀሱት ዓመታት ደግሞ ሁሉም በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ሻንጋይ ላይ ሁለት ቀን ቆየን። ከሻንጋይ የምናስታውሰው የፎቁን ብዛትና በመንገድ ዳር ስኳር ድንች የሚጠብሱትን እናት ነው፤ የወረቀት ብር ስንዘረጋላቸው ሳቁብንና በስልክ የሚከፈልበትን ምልክት አሳዩን። ከዚያ በባቡር ሻኦሺንግ ወደምትባል ከተማ ሄድን። ሻኦሺንግ የውኃ ቦይ የሚያቋርጣት፣ ጣሪያቸው ጥቁር የሆኑ ትንንሽ ጀልባዎች በእግር እየተቀዘፉ የሚመላለሱባት ከተማ ናት። ወደዚያ የሄድነው ለጀልባው ሳይሆን ሉ ሹን የተባለው ደራሲ የተወለደባት ስለሆነች ነው።

ሉ ሹን የብዕር ስሙ ነው። የተወለደው በ1881 ነው፤ ቤተሰቡም ዦው ይባላል፤ የተማረና ደኅና ኑሮ የነበረው ቤተሰብ ነበር። በ1893 አያቱ የመንግሥት ፈተና ለሚፈትን ሹም ጉቦ ለመስጠት ሞክረዋል ተብለው ታሰሩ። አባቱም ታመሙ። ከዚያ በኋላ የቤቱ ዕቃ እየተለቀመ ዕቃ አስይዘው ወደሚበደሩበት ሱቅ መሄድ ጀመረ፤ ዕቃውን ተሸክሞ የሚሄደው፣ በብድሩም መድኃኒት ገዝቶ የሚመለሰው ደግሞ ታላቁ ልጅ፣ ሉ ሹን ነበር። አባትየው በ1896 ሞቱ።

ልጁ የተማረበት ክፍል እስከ ዛሬ አለ። ከቤታቸው ፊት ለፊት፣ ትንሽ ድልድይ ተሻግሮ ነው። ስሙ ሳንዌይ ሹዉ ሲሆን፣ «የሦስት ጣዕም የንባብ ክፍል» እንደ ማለት ነው ተባልን። ከግድግዳው ላይ ዛፍ ሥር የተኛ፣ የደለበ አጋዘን ሥዕል ተሰቅሏል። ተማሪዎቹ ሲገቡ ሁለት ጊዜ እጅ ይነሡ ነበር። የመጀመሪያው ለኮንፊሽየስ፣ ሁለተኛው ለአስተማሪው ነው። ከጥግ በኩል ያለው ጠረጴዛ የሉ ሹን ነው፤ ከበላዩ በቢላዋ የተቀረጸ አንድ ፊደል አለ። «ዛኦ» ይባላል፤ ትርጉሙ «ማለዳ»፣ «ቀደም ብሎ» ነው። እንደሚነገረው ልጁ አንድ ቀን በአባቱ በሽታ ምክንያት ዘግይቶ መጣ፤ አስተማሪው ተቆጡት፤ እሱም የዘገየበትን ምክንያት ሳይናገር ሄዶ ተቀመጠና ይህን ፊደል ቀረጸ።

ጎብኚ ከበሩ ገመድ አያልፍም። እኛም ከገመዱ ላይ ተንጠልጥለን ስናይ አስተማሪያችን «ይኼ ልጅ ከመያዣ ሱቅ እንደመጣ አስተማሪው ያውቁ ነበር ትላላችሁ?» ብለው ጠየቁን። ከመካከላችን አንዱ ቶሎ ብሎ «መምህር፣ እንግዲህ እኛም ስንዘገይ ከየት እንደመጣን ይጠይቁና!» አላቸውና ሳቅን። እሳቸውም ሳቁ።

ሉ ሹን አድጎ ወደ ጃፓን ሄደ፤ ከ1904 ጀምሮ በሰንዳይ ከተማ ሕክምና ተማረ። እዚያ ፉጂኖ የሚባሉ አስተማሪ ገጠሙት። እኚህ ሰው የቻይናዊውን ተማሪ ማስታወሻ ደብተር ተቀብለው ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው በቀይ ቀለም አርመው ይመልሱለት ነበር፤ የትምህርቱን ብቻ ሳይሆን የሰዋስው ስሕተቱንም ጭምር። ሉ ሹን በ1906 ሕክምናውን ትቶ ወደ ሥነ ጽሑፍ ዞረ፤ የፉጂኖን ፎቶግራፍ ግን ቤይጂንግ ከሚጽፍበት ጠረጴዛ ትይዩ ሰቅሎት ኖረ። እሱ ራሱም አስተማሪ ሆኗል፤ በትውልድ ከተማው የመምህራን ማሠልጠኛም ርእሰ መምህር ነበር። ቀይ እስክሪብቶ የያዘ ሰው እንዲህም ይወደዳል! እኛ እስከዚያን ቀን ድረስ ቀይ እስክሪብቶን የምናውቀው በሌላ ጎኑ ነበር።

ከእሱ በፊት በቻይና ቁም ነገር የሚጻፈው ሕዝቡ በማይነጋገርበት በጥንቱ የጽሑፍ ቋንቋ ነበር። አስተማሪያችን ነገሩን ለማስረዳት የግዕዝንና የአማርኛን ጉዳይ አነሡልን፤ ፈጽሞ አንድ ባይሆንም ገባን። ሉ ሹን በ1918 «የእብድ ሰው ማስታወሻ» የተባለውን አጭር ልብ ወለድ በሚነገረው ቋንቋ ጽፎ ሲያወጣ ነገሩ ተለወጠ። በ1919 ደግሞ ኮንግ ዪጂ የሚባለውን ታሪክ አወጣ። የእኛም ጉዳይ የሚጀምረው ከዚህ ታሪክ ነው።

ሻኦሺንግ ውስጥ ሺየንሄንግ የሚባል መጠጥ ቤት አለ፤ በታሪኩ ውስጥ ያለው መጠጥ ቤት ስም ነው። ደጃፉ ላይ አንድ ቀጭን፣ ጺሙ የተንጨባረረ ሰው ሐውልት ቆሟል፤ ኮንግ ዪጂ ነው። ሕዝቡ እየተሻማ አብሮት ፎቶግራፍ ይነሣል። እኛም ተነሣን። ገብተን ኮንግ ዪጂ ይወደው የነበረውን በቅመም የተቀቀለ ባቄላ በላን፤ ጨው አልጎደለውም እንጂ ከእኛው ንፍሮ ብዙም አይርቅም። በዚያን ምሽት ከመጻሕፍት መደብር የገዛነውን የእንግሊዝኛ ትርጉም ሆቴላችን አልጋ ላይ ተኮልኩለን፣ አንዳችን እያነበበ ሌሎቻችን እያዳመጥን ጨረስነው።

ታሪኩ እንዲህ ነው። ኮንግ ዪጂ ዕድሜውን ሙሉ የመንግሥት ፈተና እየተፈተነ የመጀመሪያውን ደረጃ እንኳ ያላለፈ ምሁር ነው። (ያ ፈተና 1,300 ዓመት ያህል ከቆየ በኋላ በ1905 ቀርቷል።) ረጅም ቀሚስ የሚለብሱ ምሁራን ገብተው ተቀምጠው ሲጠጡ፣ አጭር ኮት የለበሱ የጉልበት ሠራተኞች በባንኮኒው ቆመው ይጠጣሉ። እሱ ብቻ ረጅም፣ የቆሸሸና የተቀደደ ቀሚስ ለብሶ ከቆሙት ጋር ቆሞ ይጠጣል። ሲመጣ ሁሉም ይስቃል። አንዳንዴ መጽሐፍ ይሰርቃል፤ ሲያዝም «መጽሐፍ መውሰድ ስርቆት አይባልም» እያለ በጥንቱ ቋንቋ ይከራከራል፤ አሁንም ይስቃሉ። ታሪኩን የሚነግረን ወይን ጠጅ የሚያሞቀው የ12 ዓመት አሽከር ልጅ ነው። አንድ ቀን ኮንግ ዪጂ ለዚህ ልጅ የባቄላውን ስም እንዴት እንደሚጻፍ ሊያስተምረው ይሞክራል፤ አንዱ ፊደል በአራት መንገድ እንደሚጻፍም ይነግረዋል። ልጁ «ይኼ ለማኝ ደግሞ እኔን ይጠይቀኛል!» ብሎ ፊቱን ያዞርበታል።

በባንኮኒው ላይ የባለ ዕዳ ስም በጠመኔ የሚጻፍበት ሰሌዳ አለ። ኮንግ ዪጂ ሌላ ጥፋት ቢኖርበትም ዕዳውን ወር ሳይሞላ የሚከፍል ሰው ነው። በመጨረሻ ግን ከአንድ ባለ ሥልጣን ምሁር ቤት ሰርቀሃል ተብሎ እግሩ እስኪሰበር ይደበደባል። አንድ ጊዜ ብቻ በእጁ እየተጎተተ ይመጣና ጠጥቶ ይሄዳል፤ ከዚያ ወዲያ አይታይም። ባለ መጠጥ ቤቱ ሰሌዳውን እያየ የሚያነሣው ሰውየውን ሳይሆን ያልተከፈለውን 19 ሳንቲም ነው።

ስናነብ እኛም ስቀን ነበር፤ አልደብቃችሁም። ሰሌዳው ላይ ስንደርስ ግን ያነብ የነበረው ልጅ አቆመ። አራተኛው ጓደኛችን «ምነው?» አለ። ሦስታችን ተያየን። ለካ ሦስታችንም ያሰብነው አንድ ሰው ነው።

አሥረኛ ክፍል ሳለን አንድ የሒሳብ አስተማሪ ነበሩን። ስማቸውን አንጽፍም። ዓመቱን ሙሉ የሚለብሱት አንድ ቡናማ ኮት ነበር፤ የክርኑ ላይ ጥፍጥፍ ክሩ የተለየ ነው። ጥያቄ ሲጠይቁ «እስቲ የኔ ጌታ» ይላሉ፤ ይኸው ቅጽል ስማቸው ሆኖ ቀረ። አንድ ቀን ከመካከላችን አንዱ ሰፈራቸው ካለ ሱቅ ስኳር ሊገዛ ገብቶ ባለ ሱቁ የዱቤ ደብተሩን ዘርግቶ ሲደምር ያያል። የአስተማሪያችን ስም አለ፤ 340 ብር። ዘይት፣ ሳሙና፣ ስኳር፣ ደብተር ይላል። በማግስቱ እሱ ነገረን፣ ሌላው በትልልቅ ፊደል ጻፈው፣ ሦስተኛው በጠዋት መጥቶ የማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ ለጠፈው። «እስቲ የኔ ጌታ ሒሳቡን ሥራልን» ብለን ዕዳቸውን ከሳሙናው እስከ ስኳሩ ዘርዝረን፣ ድምሩን ባዶ ትተን ነበር። ትምህርት ቤቱ በሙሉ ከብቦ ሳቀ።

አስተማሪው መጡ። ሕዝቡ መንገድ ለቀቀላቸው። ቆመው ሁሉንም አነበቡት። ከዚያ አራቱን መርፌ ቁልፎች አንድ በአንድ ነቀሉ፤ ወረቀቱን በአራት አጥፈው ከኮታቸው ኪስ ከተቱት። ክፍል ገብተው ካቆሙበት ቀጠሉ። ማን እንደጻፈው አልጠየቁም፤ የእጅ ጽሑፍ እንደሚያውቁ ግን እናውቃለን፤ የሁላችንንም ደብተር የሚያርሙት እሳቸው ናቸውና። ዓመቱ ሲያልቅ ዝውውር ጠይቀው ሄዱ ተባለ።

አራተኛው ጓደኛችን ይህን ሁሉ ሰምቶ «እና ዛሬ አስተማሪ ልትሆኑ ነው?» አለን። ለመቀለድ ይሁን ለመገሠጽ እስከ ዛሬ አልነገረንም። መብራቱ ጠፋና ተኛን።

ከሻኦሺንግ ወደ ሰሜን በፈጣኑ ባቡር ቹፉ ደረስን። በዚያች በሳንዌይ ሹዉ ክፍል ልጆቹ መጀመሪያ እጅ የሚነሡላቸው የኮንፊሽየስ አገር ናት። ኮንፊሽየስ ከክርስቶስ ልደት በፊት ከ551 እስከ 479 ኖረዋል ይባላል። ሊማር የመጣን ሁሉ፣ ደሀም ቢሆን፣ አንድ እስር ቋንጣ ይዞ ከመጣ እንደማይመልሱ ይነገርላቸዋል። ቋንጣ! አስጎብኚያችን ይህን ስትተረጉም ሁላችንም በአንድ ጊዜ «ቋንጣ?» ብለን ጮኽን፤ ልጅቷ የተሳሳተች መስሏት ደነገጠች።

ቤተ መቅደሱ፣ የዘሮቻቸው መኖሪያና የመቃብሩ ደን ሦስቱም በ1994 በዓለም ቅርስነት ተመዝግበዋል። ከቤተ መቅደሱ ውስጥ የተለየ ትዝታ የጣለብን «የሉ ግድግዳ» የሚባለው ነው። በ213 ቅድመ ልደት ክርስቶስ የመጀመሪያው ንጉሠ ነገሥት መጻሕፍት እንዲቃጠሉ ሲያዝ፣ ከኮንፊሽየስ ዘሮች አንዱ መጻሕፍቱን በቤቱ ግድግዳ ውስጥ ደበቃቸው ይባላል። ብዙ ዓመት ቆይቶ ቤቱ ሲፈርስ ተገኙ። ዛሬ የቆመው ግድግዳ ለዚያ መታሰቢያ ነው፤ ቀይ ነው፣ ሌላ ምንም የለውም። ጎብኚው እያለፈው ይሄዳል።

መቃብሩ ሣር የለበሰ ጉብታ ነው። አጠገቡ ትንሽ ቤት አለች፤ ኮንፊሽየስ ሲሞቱ ሌሎቹ ተማሪዎች ሦስት ዓመት አዝነው ሲለያዩ፣ ዚ ጎንግ የተባለው ተማሪያቸው ስድስት ዓመት ተቀምጦ የጠበቀበት ቦታ ናት ይላሉ። ከጉብታው ፊት ትልቅ ድንጋይ ቆሟል። ጠጋ ብለን ስናየው ድንጋዩ የተሰባበረና ተገጣጥሞ የተለሰነ ነው። ስንጥቁ ፊደሎቹን አቋርጦ ያልፋል።

«የመሬት መንቀጥቀጥ ነው?» አልናት አስጎብኚዋን።

«አይደለም። በ1966 ነው፤ እኔ ያኔ አልተወለድኩም» አለች፤ የጠየቅናት ግን ስለ ዕድሜዋ አልነበረም።

ቀስ እያለች ነገረችን። የባህል አብዮት የተባለው ሲጀመር ቀይ ዘቦች የተባሉ ወጣቶች በዚያ ዓመት ኅዳር ከቤይጂንግ በባቡር መጡ፤ ድንጋዮቹን ሰባበሩ፣ መቃብሮችን ቆፈሩ፣ መጻሕፍት አቃጠሉ። ከስድስት ሺህ በላይ ቅርስ ጠፋ ወይም ተጎዳ ይባላል። «ከቤይጂንግ የት?» አልናት። «ከኖርማል ዩኒቨርሲቲ» አለች። እኛ «ኖርማል» ሲባል ደኅና፣ የተለመደ ዩኒቨርሲቲ ማለት መሰለን። አስተማሪያችን ናቸው ያስረዱን። «መምህራን የሚሠለጥኑበት ዩኒቨርሲቲ ማለት ነው» አሉ።

ዝም አልን። የመጀመሪያውን አስተማሪ መቃብር ለማፍረስ የመጡት ሰልጣኝ መምህራን ነበሩ። ያን ጊዜ በእኛ ዕድሜ የነበሩ፣ እንደ እኛ በትምህርት ዘዴ ክፍል የተቀመጡ ልጆች።

ቤይጂንግ የመጨረሻዋ ከተማችን ነበረች። ማለዳ ማለዳ በሰማይ መቅደስ መናፈሻ ጡረተኞች ይሰበሰባሉ፤ የሚጨፍር አለ፣ የሚዘፍን አለ። ከነሱ መካከል በረጅም እንጨት ጫፍ ላይ የታሰረ ትልቅ ብሩሽ ይዘው፣ ባልዲ ውኃ ውስጥ እየነከሩ ንጣፍ ድንጋይ ላይ ፊደል የሚጽፉ ሽማግሌዎች አሉ። የመጀመሪያው መስመር ሲደርቅ ሦስተኛው ይጻፋል። ከነዚህ አንዱ ፈገግ ብለው ጠሩን። አስጎብኚያችን «ላኦሺ ናቸው» ብላ አስተዋወቀችን፤ አስተማሪዎች ማለቷ ነው። «ላኦ» የሚለው ቃል ዕድሜንና ክብርን የያዘ ነው፤ የእኛን «የኔታ» አስታወሰን። ሃያ ዓመት ያልሞላን ልጆች በዚህ ስም ስንጠራ መግቢያ ጠፋን።

ሽማግሌው እሳቸውም በጂኦግራፊ አስተማሪነት ጡረታ የወጡ ናቸው። አስተማሪያችን በትሕትና ስለዚያ ዘመን ጠየቋቸው። አስጎብኚያችን ለመተርጎም ትንሽ አቅማማች፤ ሽማግሌው ግን መለሱ። በ1966 የ16 ዓመት ተማሪ ነበሩ። በዚያን ዓመት ግንቦት በፔኪንግ ዩኒቨርሲቲ አንድ ባለ ትልልቅ ፊደል ጽሑፍ ግድግዳ ላይ ተለጥፎ አገሩን አዳረሰ፤ ከዚያ በኋላ በየትምህርት ቤቱ ተማሪው ወረቀትና ቀለም እያነሣ በአስተማሪው ላይ ጻፈ። «እኔም በሥነ ጽሑፍ አስተማሪዬ ላይ ጻፍኩ። የእጅ ጽሑፌ ቆንጆ ነበር፤ ቆንጆ አጻጻፍ ያስተማሩኝም እሳቸው ናቸው» አሉ። አስተማሪው በአደባባይ ተዋረዱ፤ መጸዳጃ ቤት እንዲጠርጉ ተደረገ። ልጁ ደግሞ እንደ ሌላው ወጣት ወደ ገጠር ተላከ፤ ዘጠኝ ዓመት አረሰ።

የዩኒቨርሲቲ መግቢያ ፈተና በዚያው በ1966 ቀርቶ ነበር። በ1977 እንደገና መሰጠት ሲጀምር 5.7 ሚሊዮን ያህል ሰው ተፈተነ፤ ያለፈው 270 ሺህ ያህል ነው። ለጥያቄው ማተሚያ ወረቀት ጠፍቶ ለማኦ ምርጥ ሥራዎች አምስተኛ ጥራዝ የተያዘው ወረቀት ነው የተወሰደው። ሽማግሌው ያኔ 27 ዓመታቸው ነበር፤ መጽሐፍ አልነበራቸውም። መጽሐፍ ያለው ሰው ደግሞ የሚያውቁት አንድ ብቻ ነው። ሄደው በሩን አንኳኩ። አስተማሪው ከፈቱ፤ አወቋቸው፤ ገብተው አሮጌ መጻሕፍት በገመድ አስረው አመጡላቸው። ስለ ጽሑፉ አንድ ቃል አልተናገሩም።

«ይቅርታ ጠየቋቸው?» አልን። አሁን የጠየቅነው ሦስታችን ነን።

ሽማግሌው ብሩሹን ባልዲው ውስጥ ነከሩ። «በየአዲስ ዓመቱ ልጠይቃቸው እሄድ ነበር። በሚመጣው ዓመት እላለሁ ስል 14 ዓመት አለፈ። ከዚያ ሞቱ» አሉ። ከዚያም አንዳችንን ብሩሹን አስይዘው «ዛኦ» የምትለዋን ፊደል አጻፉን፤ በሻኦሺንግ አይተናት ስለ ነበር ለመንናቸው ነው። የጻፍናት ፀሐዩ ጠንከር ስላለ ወዲያው ደረቀች።

ከተመለስን በኋላ አስተማሪያችን አንድ ጽሑፍ ሰጥተውን አነበብን። በ1966 ነሐሴ 5 ቀን ቢያን ጆንግዩን የተባሉ የቤይጂንግ የሴቶች ትምህርት ቤት ምክትል ርእሰ መምህር በገዛ ተማሪዎቻቸው ተደብድበው ሞቱ። ባለቤታቸው በማግስቱ ካሜራ ገዝተው የሚስታቸውን ሬሳ ፎቶግራፍ አነሡ፤ ማስረጃ እንዲሆን። በ2014 ከቀድሞዎቹ ተማሪዎች አንዳንዶቹ፣ ያን ጊዜ አርጅተው፣ በመምህሯ ምስል ፊት ጎንበስ ብለው ይቅርታ ጠየቁ። ባለቤታቸው ይቅርታውን አልተቀበሉም። ባለ ትልልቅ ፊደል ጽሑፍ መለጠፍ በ1975 በሕገ መንግሥቱ ሳይቀር እንደ መብት ገብቶ ነበር፤ በ1980 ተሰርዟል።

የእኛ ወረቀት ከዚህ ሁሉ ጋር የሚመዛዘን አይደለም፤ ማንም አልሞተም፣ ማንም አልተመታም። ይህን ለራሳችን ብዙ ጊዜ ነግረነዋል። ቢሆንም መርፌ ቁልፎቹ አንድ በአንድ ሲነቀሉ አይተናል።

ለድሮ ትምህርት ቤታችን ደውለን አስተማሪው አሁን የት እንደሚያስተምሩ ጠየቅን። ከዚህ ግማሽ ቀን በአውቶቡስ ከምታስኬድ ከተማ ናቸው። ምን ይዘን እንደምንሄድ ሦስት ማታ ተከራክረናል። አንዳችን 340 ብሩን እናዋጣ አለ፤ ሁለታችን ዕዳቸውን ለሁለተኛ ጊዜ ልትለጥፈው ነው ወይ ብለን አስጣልነው። የኮንግ ዪጂን መጽሐፍ መስጠት የባሰ ነው። ይቀበሉን ይሆን ወይስ በሩን ይዘጉብን ይሆን በሚለውም አልተስማማንም፤ አራተኛው ጓደኛችን «ቢዘጉባችሁ መብታቸው ነው» ብሎናል፤ አብሮን ሊሄድም ተነሥቷል።

አውቶቡሱ ቅዳሜ ንጋት 12 ሰዓት ላይ ይነሣል። የአንዳችን እናት አንድ እስር ቋንጣ አድርቀው ልከውልናል።